የፍሪጅ ሞተርና የሙዝ ቅጠል

ባለፈው ማክሰኞ ሐይቅ ዳር ካለ አንድ ሆቴል ፊት ለፊት መኪናዬን አቁሜ ስወርድ፣ የመኪና ማቆሚያው አስተናባሪ ወጣት እየሮጠ መጣብኝ።

«ማዘር! ማዘር! መኪናዎ ውሃ እያፈሰሰ ነው!»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነቱን ነው፤ ከሆዷ ሥር ጠብ፣ ጠብ ይላል። አስፋልቱ ላይ የመዳፍ ያህል አርጥቧል።

«የኤሲው ውሃ ነው ልጄ። አታስብ፣ ጤነኛ ናት።»

«ኧረ ማዘር፣ ይሄማ ራዲያተር ነው! እዚህ ጋ ጎበዝ መካኒክ አለ፣ ልጥራልዎት?»

ሳቄ መጣ። ብቻዬን ቆሜ ስስቅ ልጁ ግራ ገባው፤ ሴትዮዋን ነካ ያደርጋታል ሳይል አልቀረም። ምን ላድርግ? ያቺን ጠብታ ባየኋት ቁጥር እንዲህ ታደርገኛለች። ዛሬ ሰው ሁሉ ቁልፍ ተጭኖ ቅዝቃዜ ያዛል። ቅዝቃዜ ከቧንቧ እንደሚወርድ ውሃ ተራ ነገር ሆኗል፤ ቧንቧው በሚመጣበት ቀን ማለቴ ነው። እኔ ግን ያንን ቀዝቃዛ አየር በገዛ ግቢያችን፣ በገዛ እጄ ሠርቼ፣ ከአሮጌ መኪና ውስጥ ሲወጣ አይቻለሁ። ይኸው እስከ ዛሬ አልለመድኩትም።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በፊዚክስ ተመርቄ እዚሁ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ሆኜ ከተቀጠርኩ ዓመት አልሞላኝም። የምኖረው ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ አባቴ ትቶልን ባረፈው ቤት፣ ከእናቴ ጋር ነበር። አባቴ ከቤቱ ሌላ አንዲት አሮጌ ሰማያዊ መኪና ትቶልናል። ከመሪው ጎን፣ ክሩስኮቷ ላይ የበረዶ ምልክት ያለባት ትንሽ ቁልፍ ነበረች። አንድም ቀን ስትሠራ አላየሁም። አባቴ ስለሷ ሲጠየቅ «እሷ ለጌጥ ናት» ይል ነበር።

እናቴ አስም ነበረባት። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እንኳ መንገዱ ውሃ ተረጭቶ እንደሆነ መጀመሪያ በር ላይ ቆማ ታያለች። አቧራ ከነካት ደረቷ ያፏጫል፣ ከንፈሯ ይጠቁራል፤ እኛም እንደ ልማዳችን በየአቅጣጫው እንሮጣለን። ታላቅ እህቷ አክስቴ ለዳሜ ደግሞ የምትኖረው ከይርጋለም ዝቅ ብሎ በሎካ አባያ በኩል፣ በበጋ አቧራው ቁርጭምጭሚት በሚደርስበት ቆላ ነው። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች እናቴን አዝላ ያሳደገቻት ለዳሜ ናት። ድሮ ድሮ አክስቴ በገበያ መኪና ተጭና፣ ማንጎ በማዳበሪያ ሞልታ እኛ ዘንድ ትመጣ ነበር። ወገቧ ከተያዘ ወዲህ ቀረች። ሁለቱ ከተያዩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ጥር ላይ ከዚያ የመጣ ዘመድ እናቴ አጠገብ ተቀመጠና አንገቱን ደፍቶ፣ «ለዳሜ ተኝታለች። እህል አትቀምስም። የምትጠራው ያንቺን ስም ነው» አላት። እናቴ ተነሥታ ወጥ ቤት ገባችና የታጠበውን ሳህን እንደገና ታጥብ ጀመር።

በዚያው ቅዳሜ ይዣት ወጣሁ። እስከ ይርጋለም አስፋልት ስለሆነ ደህና ሄድን። ኮረኮንቹ ሲጀምር መስኮቶቹን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መኪናዋ የዳቦ ምድጃ ሆነች። እናቴን ላብ አጠመቃት፣ ዓይኗ መዋለል ጀመረ። ልቧ ሊጠፋ ነው ብዬ መስኮት ብከፍት፣ ከፊታችን የሚሄደው የጭነት መኪና አቧራውን እንዳለ አለበሰን። ያኔውኑ ተያዘች። እንዴት አድርጌ መኪናዋን እንዳዞርኩ ዛሬም አላውቀውም። ይርጋለም ሐኪም ቤት አድረን ስንመለስ እናቴ መስኮቱን እያየች፣ «በቃ ልጄ። እዚያ ሳልደርስ መንገድ ላይ ከምሞት፣ እዚሁ ሆኜ ላልቅስላት» አለችኝ።

ይሄ ነገር አልዋጥልኝ አለ። ዝናቡ እስኪገባ እንዳንጠብቅ፣ ዝናብ ከጣለ ያ መንገድ ጭቃ ብቻ ነው፤ የኛ መኪና አትወጣውም። ወይ በአቧራው እንሄዳለን፣ ወይ ጭራሽ አንሄድም። አቧራ እንዳይገባ መስኮት መዘጋት አለበት፤ መስኮት ተዘግቶ ሰው እንዲተነፍስ ደግሞ ያቺ ለጌጥ የተቀመጠች ቁልፍ መሥራት አለባት። ሌላ መንገድ የለም።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። «ጋዝ አልቆባት ነው» ብለው ሞሉልኝ። ወይ ጉድ፣ ቀዘቀዘች! እያፏጨሁ ቤት ገባሁ። በሦስተኛው ቀን ግን የምትተነፍሰው ያንኑ የድሮ ሙቀቷን ሆነ። ብመለስ፣ «እንደገና ይሞላላ!» አሉኝ። ንዴቴ እዚያው ጀመረ። ፊዚክስ ተምሬ፣ ለተማሪ ስለ ግፊትና ስለ ሙቀት እያሳየሁ፣ ለአንዲት መኪና ማንም እንዳሻው ሲያደርገኝ? ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ስለ መኪና ኤሲ የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ አወጣሁና የሚያስፈልጉትን መሣሪያዎች ዝርዝር ገለበጥኩ። አሥራ ዘጠኝ ናቸው። በቁጥር፣ በንጹሕ ወረቀት፣ በቆንጆ እጅ ጽሑፍ። ወረቀቱን ሳየው ሥራው ግማሹ ያለቀ መሰለኝ።

ዝርዝሩን ይዤ የሄድኩት ጋሽ ሐሜሶ ዘንድ ነው። ጋሽ ሐሜሶ የአባቴ ወዳጅ ነበሩ፤ አሞራ ገደል የዓሣ ነጋዴዎችን ፍሪጅ ይጠግናሉ። ጠዋት ስደርስ ጀልባዎቹ ገብተው ዓሣው ይገፈፋል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ረጃጅም ወፎች እንደ ሹም ተኮፍሰው አንጀት እስኪጣልላቸው ይጠብቃሉ። ጋሽ ሐሜሶ ከደሳሳ ሱቅ ጀርባ፣ በሞቱ ፍሪጆች መሃል ተቀምጠው ሚጥሚጣ የበዛበት የዓሣ ሾርባ በዳቦ ይበላሉ። ግራ ዓይናቸው ላይ ነጭ ነገር አለ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም።

«እስቲ አምጪው፣ ዩኒቨርሲቲ» አሉኝ። ከተቀጠርኩ ጀምሮ ስሜን ትተው የሚጠሩኝ እንደዚህ ነው።

ወረቀቱን ራቅ አድርገው አነበቡት። ከጆሯቸው ላይ እርሳስ አወረዱ።

«ይቺ አራተኛዋ ምንድን ናት?»

«ጋዝ በሚያፈስበት ቦታ ሲያስጠጓት የምትጮህ ነች፤ በባትሪ ነው የምትሠራው።»

ሰረዟት። «ሳሙና አለሽ?»

«አለኝ።»

«እሱም ይጮኻል፤ ዓይን ላለው። ይቺስ?»

«አየር መምጠጫ ፓምፕ። ቱቦዎቹ ውስጥ ያለውን አየርና እርጥበት መጦ የሚያወጣ።»

«እሱስ ግዴታ ነው» አሉ። እሱን ከየት አመጣለሁ? ጋሽ ሐሜሶ በማንኪያቸው አጠገባቸው የወደቀውን ዝገት የበላው ፍሪጅ አመለከቱኝ። «እዚያ ውስጥ አለልሽ።»

«ሞቷል አይደል እንዴ?»

«የሞተው ፍሪጁ ነው፤ ሞተሩ ምን በወጣው! ፍሪጅ ውስጥ ሲኖር በአንድ አፉ ይስባል፣ በሌላው ይተፋል። በሚስብበት አፉ መኪናሽን አጠባዋለሁ።»

እንዲህ እንዲህ እያሉ አሥራ ዘጠኙን አራት አደረሱት። ከዚያ መጨረሻ ላይ የጻፍኩትን መነጽር በቀስት ወደ ላይ ጎትተው አንደኛ አደረጉት።

«መጀመሪያ ዓይንሽ» አሉኝ፣ የግራ ዓይናቸውን በጣታቸው ነካ አድርገው። «አንድ ፍሪጅ፣ አንዲት ቅጽበት። ጋዙ ሲወጣ እሳት አይደለም፣ በረዶ ነው። በረዶም ያቃጥላል ልጄ።»

ዕድሜ ልኬን ያየሁት ዓይን ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

«ሌላው ደግሞ» አሉኝ ሾርባቸውን እየጨረሱ፣ «አንቺ ያማረሽ የሚሞላ ዕቃ ነው። እስካሁን የማታውቂው ግን ጋዙ በየት እንደሚወጣ ነው። መጀመሪያ የሚያሳይሽን ዕቃ ያዢ። ለግፊቱ ማያ የኔን ጌጅ ውሰጂ።»

ጌጁን ከአሮጌ ሣጥን አወጡት። መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ እጀታው በሽቦ ታስሯል፣ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። እውነቱን ልናገር፣ ተጸየፍኩት። «አይቸገሩ ጋሽ ሐሜሶ፣ አዲስ አስመጣለሁ» አልኳቸው፣ በጨዋ ደንብ። አዲስ አበባ ለሚሄድ ባልደረባዬ አዘዝኩት፤ እሱም እንዳልኩት የሚያብረቀርቅ፣ ቀይና ሰማያዊ እጀታ ያለው፣ በሣጥኑ የተኛ ጌጅ አመጣልኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ለመጣ እንግዳ ሁሉ አሳየሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ሐሜሶ ሞተራቸውን በጋሪ አስጭነው ግቢያችን ደረሱ። አቮካዶው ጥላ ሥር መኪናዋን አቁመን ኮፈኑን ከፈትን። እኔም ያንን የሚያብረቀርቅ ጌጄን ይዤ ቀረብኩ። የቱቦውን አፍ መኪናዋ ላይ ባደርገው አይይዝም። ባዞረው አይይዝም። ብጫነው አይይዝም። ለካ የኔው የተሠራው አዲሱን ጋዝ ለሚጠቀሙ አዳዲስ መኪኖች ኖሯል፤ ተጭነው ቀጭ የሚያደርጉት ነው። የኛዋ አሮጊት ደግሞ የምትፈልገው ባለ ጥርስ፣ ተጠምዝዞ የሚገባ ነው። ጋሽ ሐሜሶ ያንን ዓሣ ዓሣ የሚሸት ጌጃቸውን አወጡና ጠመዘዙት። አብሯት የተወለደ ይመስል ልክክ አለ።

«እኩዮች ናቸው» አሉኝ። «ያኔ የፍሪጁም የመኪናውም ጋዝ አንድ ነበር። ያንቺንም አትጣዪው፣ ቀኑ ይመጣለታል።»

ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ። እሳቸው ግን ቶሎ ብለው ወሬ ለወጡልኝ፤ «አንቺስ ከላብራቶሪሽ ምን ይዘሽ መጣሽ?» አሉኝ። ፈርሜ ያወጣሁትን የመስታወት ቴርሞሜትር ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው። ፊታቸው በራ። «ይሄማ ዝርዝርሽ ላይ አልነበረም! ጎበዝ! ይሄ ሰው አያባብልም፣ የሆነውን ነው የሚናገረው።» ከዲግሪዬ ይልቅ በዚያች አባባል ነው ደረቴ የተነፋው።

የሳሙና አረፋ በስፖንጅ አድርገን የቱቦ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ቀባን። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ጋራዡ ከሞላት ጋዝ የተረፈች ትንሽ ግፊት ነበረች። አንደኛው መጋጠሚያ ዝም። ሁለተኛው ዝም። ከራዲያተሩ ፊት ባለው መጋጠሚያ ላይ ግን አንዲት አረፋ፣ ስንዴ ፍሬ የምታህል፣ ቀስ ብላ ታብጥ ጀመር። አደገች፣ አደገች፣ ጠፋች። ሌላ ተተካች። ጎንበስ ብዬ አየኋት። አባቴን «ለጌጥ ናት» ያሰኘች፣ ሁለቱን እህትማማቾች ያለያየች ቀዳዳ ይቺ ናት! ጋሽ ሐሜሶ የተረፈውን ጋዝ በሞተራቸው ወደ ባዶ ሲሊንደር ሰበሰቡት፤ «ሜዳ ላይ አይለቀቅም» ይላሉ። መጋጠሚያውን ፈትተን ብናይ ውስጡ ያለችው የላስቲክ ቀለበት፣ ጎሚኒዋ፣ እንደ ደረቅ ዳቦ ተሰነጣጥቃለች። በጣቴ ብይዛት ተፈረካከሰች።

አዲስ ጎሚኒ ገባ። ከዚያ ሞተሩን መልሰን ሰካነው፤ ጣውላ ላይ ተቀምጦ እንደ ንብ ያንጎራጉራል። የጌጁ መርፌ ወደ ዜሮ ወረደች፣ ከዜሮም በታች ዘለቀች። ይህንን ለተማሪ በመስታወት ዕቃ ስንት ጊዜ አሳይቻለሁ! ግን በግቢያችን፣ ትናንት የዓሣ ፍሪጅ ሆድ ውስጥ የነበረ ሞተር ከአባቴ መኪና አየሩን አውጥቶ ባዶ ሲያደርጋት ሳይ እኔው ራሴ ተማሪ ሆንኩ።

«እጅሽ ከዚህች ቫልቭ እንዳይነሳ» አሉኝ ጋሽ ሐሜሶ። «መብራት ከሄደ ሞተሩ ይቆማል፤ ያስወጣነው አየር በመጣበት ይመለሳል። ቶሎ መዝጋት ነው።»

«መብራትማ ዛሬ አይሄድም፣ ትናንት ሄዷል» አልኩ።

ሞተሩ ከተሰካ አንድ ሰዓት ሊሞላው ሲል እናቴ ዓሣ ጥብሱ ደርሷል ብላ ተጣራች። ሳህኑን ላቀብላት ብዬ ብድግ አልኩ፤ ለሳህን! ገና ደጃፉ ላይ ስደርስ ጉርምርምታው ጸጥ አለ። ሮጬ ስመለስ መርፌዋ ዜሮ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ሰዓቱ ሁሉ ገደል ገባ። ጋሽ ሐሜሶ እጃቸውን እየታጠቡ፣ «መጽሐፉ ላይ መብራት ይሄዳል የሚል አልነበረማ» አሉኝ። ዓሣውን የበላሁት በሐፍረት ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ተመለሰ። እንደገና ጀመርን። አሁንማ ማን ይነሳል! ትንኝ ፊቴ ላይ ስታርፍ እንኳ እጄን አላነሳሁም። ባይገርማችሁ ሞተሩ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል እንደሠራ መብራቱ ድጋሚ ሄደ፤ ቫልቩን ግን ሞተሩ ሳይቆም የዘጋሁት ነው የሚመስለኝ። መርፌዋ ታች እንደሆነች ቀረች። አሁን የሚቀረው ቁጭ ብሎ ማየት ነው፤ ከተነቃነቀች ሌላ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፣ ካለ ደግሞ ጉዞ የለም። እናቴ በርጩማዋን ይዛ መጣችና አጠገባችን ተቀመጠች።

«ምን እያያችሁ ነው?»

«መርፌዋ እንዳትነቃነቅ እማዬ።»

«ለዚህች መርፌ ነው የምጸልየው?»

«ለሷ ነው።»

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። «ጌታ ሆይ፣ አታነቃንቃት» አለች፣ በሙሉ እምነት። ጋሽ ሐሜሶም ቆባቸውን አወለቁ። ሦስት ሰዎች በመጋቢት ፀሐይ ተቀምጠን አንዲት መርፌ ባለችበት እንድትቆይ እንለምናለን። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ሌላ ግማሽ ሰዓት አለፈ። ፍንክች አላለችም።

መነጽሬን አደረግኩ፣ የመኪናዋን ሞተር አስነሳሁ፣ ጋሽ ሐሜሶ ካመጡት ሲሊንደር ጋዙን በጥቂት በጥቂቱ ለቀቅን። ቱቦው በዚያ ሙቀት ጤዛ ለበሰ። ቴርሞሜትሩን አየር መውጫው ላይ ሰካሁት፤ ሠላሳ ያሳይ ነበር። ሃያ ሦስት። አሥራ ስድስት። ሰባት! እናቴ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው፣ የፈራች ይመስል። እኔ አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ? ለተማሪ የማስተምረው ነገር ነው፤ ቅዝቃዜ ከየትም አይመጣም፣ ሙቀቱ ነው ተጭኖ የሚወጣው። ያን ጊዜ ግን የማውቀው ነገር ሁሉ እንደ አዲስ አስደነቀኝ። ጋሽ ሐሜሶ ጎንበስ ብለው የመኪናዋን ሆድ አዩና፣ «መጣች» አሉ። የመጀመሪያዋ ጠብታ አፈሩ ላይ ወደቀች።

በማግስቱ እሑድ ነበር። እናቴ ከአምልኮ ስትቀር ያን ቀን ብቻ ነው ያየኋት። ከይርጋለም በኋላ መስኮቶቹን ዘጋሁ፣ የውጭ አየር እንዳይገባ የሚያደርገውን ማንሻ ገፋሁ፣ ቁልፏን ተጫንኩ። ብዙም ሳንሄድ የጭነት መኪና ከፊት መጣና ዓለምን ሁሉ አቧራ አደረጋት። ምንም ስለማይታይ ቆምኩ። እናቴ ደረቷን በእጇ ይዛ ጠበቀች። እኔም በመስታወቱ እሷን እያየሁ ጠበቅሁ። አንድ ጊዜ ተነፈሰች። ደገመች። ፉጨት የለም! አቧራው ሲገፈፍ እናቴ መስታወቱን ተጠግታ ዛፎቹን በስማቸው ትጠራ ጀመር፣ ውሃ የቀዱበትን ወንዝ፣ ለዳሜ የወደቀችበትን ቁልቁለት። እንደ ልጅ ስትስቅ ሰማኋት።

እኩለ ቀን ላይ ደረስን። ዘመድ አዝማዱ «ዳኤ ቡሹ! ዳኤ ቡሹ!» እያለ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለቱ ነው፣ በእልልታ ተቀበለን። እናቴ በሩን ከፍታ ወረደች፣ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ቆመች። ለእንግዳ በቆሎ እየተቀቀለ ኖሮ የእንጨቱ ጭስ ከጎጆው በር እየተግተለተለ ይወጣል። ደረቷ ማፏጨት ጀመረ። አንጠልጥዬ መኪናው ውስጥ መለስኳትና በሩን ዘጋሁ።

የዚያን ጊዜ ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። ስለ መንገዱ ሁሉን አስቤያለሁ፤ ስለ ቤቱ ግን አንድም ቀን አላሰብኩም። እሳቱን ቢያጠፉት እንኳ ጭሱ ስንት ዓመት የጠጣው ሣር ነው። እናቴ ከመስታወቱ ጀርባ ታለቅሳለች። «አሥር እርምጃ» ትላለች፣ «አሥር እርምጃ ቀርቶኝ!»

ከውስጥ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ምን ሆነች ብላ አክስቴ እየጠየቀች ነው። ነገሯት። እሷም በሲዳምኛ፣ «እሷ መግባት ካልቻለች እኔን አውጡኝ» አለች።

አራት ወንዶች ከነፍራሿ ተሸክመው አወጧት። ምን ቀርቷት! አጥንትና ዓይን ብቻ። ከኋላ ወንበር እናቴ አጠገብ አስቀመጥናት፣ በሩ ተዘጋ። የእናቴ ራስ እህቷ ጭን ላይ ሲወድቅ አይቼ ፊቴን አዞርኩ።

ሞተሩ መጥፋት የለበትም፤ ከጠፋ መኪናዋ ተመልሳ ምድጃ ናት። ግን ቆሞ በሚሠራ አሮጌ መኪና፣ በዚያ ቆላ፣ በስድስት ሰዓት ፀሐይ! የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ይንፏቀቃል። መኪናዋ ከፈላች መመለሻም የለን። ኮፈኑን ከፈትኩ። የሚያስፈልጋት ከፊት የሚመጣ ንፋስ ነው፤ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም። ቅጠል! ከጎጆው ጀርባ ሙዝ ተተክሏል።

«ቁረጡልኝ!» አልኩ። «ትልልቁን ቅጠል! ፊቷን አራግቡላት!»

መጀመሪያ ተያዩ። ከዚያ የአክስቴ ልጆች ቆርጠው መጡና በመኪናዋ ፊት ተሰልፈው ማራገብ ጀመሩ። ሲደክማቸው ሴቶቹ ተቀበሉ። ሽማግሌዎቹም ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። ብዙ ሳይቆይ እንደ ደቦ ዜማ ተነሣ፤ አንዱ ይመራል፣ ሌላው እየተቀበለ ያራግባል። የሙቀት መለኪያው ቆመ። ቀስ ብሎ ተመለሰ። የአንዲት መኪና ፊት በዚያ ሁሉ ሕዝብ ሲራገብ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፣ ከዚያም ወዲህ አላየሁም።

በመስታወቱ ሁለቱ ይታዩኛል። አክስቴ የእናቴን ፀጉር ትዳብሳለች። ትናገራለች፣ እናቴ ታዳምጣለች፤ እናቴ ትናገራለች፣ አክስቴ ትስቃለች። አንዲት ቃል አይሰማኝም። ከመኪናዋ ሥር የሚንጠባጠበውን ውሃ ዶሮዎች ተሰብስበው ይጠጣሉ። ከሰዓት በላይ እንዲህ ሆነ።

ሲያወጧት አክስቴ እጄን ያዘችኝ። «ምሕረት፣ ይሄ ንፋስ የሐይቁ ነው አይደል? ከሐዋሳ ጭናችሁልኝ ነው የመጣችሁት?»

አፌ ላይ ትምህርቱ ሁሉ ነበር፤ ግፊቱ፣ ትነቱ፣ ሙቀቱ። ዓይኗን አየሁት።

«አዎ አክስቴ፣ የሐይቁ ነው።»

«አውቄዋለሁ» አለች። «ቀዝቃዛ ነው።»

አስፋልቱ ላይ ስንወጣ እናቴን ምን ምን እንዳወሩ ጠየቅኳት። «ጨረስን» አለችኝ። አክስቴ ዝናቡ ሳይገባ አረፈች። እናቴ አለቀሰች፤ ግን የሚቆጫት ነገር እንደሌለ ሰው ነበር ያለቀሰችው።

አሁን እናቴም ጋሽ ሐሜሶም የሉም። የሚያብረቀርቀው ጌጄ ዘመኑ ደርሶለት ስንት መኪና አገልግሏል። በእርሳስ የተሰረዘው ዝርዝር ግን በመኪናዬ ኪስ ውስጥ አለ። ከታች፣ በሃያኛ ቁጥር፣ «የሙዝ ቅጠል» ብዬ ጽፌበታለሁ።

የሐይቅ ዳሩ ልጅ አላመነኝም ነበር። ተንበርክኮ እጁን ከመኪናዋ ሥር ዘረጋና ጠብታዋን በመዳፉ ተቀበላት።

«ውይ! ቀዝቃዛ ነው!» አለ፣ ዓይኑ ፈጦ። «ራዲያተርስ አይደለም። ግን ማዘር፣ ውሃ ካልሞሉበት ከየት ነው የሚመጣው?»

ልመልስለት አልኩና አሰብኩት። ኤሲ ውሃ አይሠራም፤ አየር ላይ ያለውን እርጥበት ነው አቀዝቅዞ የሚያወርደው። እዚህ ቦታ ላይ አየሩን የሚያረጥበው ማን ነው? ቀና ብዬ ከሆቴሉ ጀርባ የሚያብለጨልጨውን አየሁ። ያን ቀን አክስቴን በዚሁ መልስ ዋሽቻት ነበር፤ ስንት ዓመት ሙሉ ሲከነክነኝ ኖሯል።

«ከሐይቁ ነው ልጄ» አልኩት። በዚህኛውስ እውነቴን ነው።